ለአማት ልክ የተሰፋች መኪና

ልብስ ሰፊው መኪናዬን ራሴ ካልጠገንኩ ብሎ የተነሳ ዕለት ሚስቱ መፍቻውን ነጥቃ መርፌ ልታስይዘው ሞክራ ነበር። አልሆነም። መኪናዋ ትንሽ ናት፤ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ሞተሯ ግን ከቁመቷ በላይ ነገረኛ። የሱ ምኞት ዝቅ ብላ፣ ኩርባውን ሳትንገዳገድ እንድትታጠፍለት ነው። ስለዚህ ቀለበታቸው ሲዞር የመኪናዋን ቁመት ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ አዳዲስ የጎማ ሞላዎች ገዝቶ መኪናዋን በክሪክ አነሳና ከሥሯ ገባ።

ጣጣው የመጣው ከሙያው ነው። በዕድሜው ሰው ሳይለብሰው ያስተካከለው ኮት የለም። ባዶ መኪናም ለሱ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ኮት ናት፤ ሰው ካልገባባት ልኳ አይታወቅም። በሾፌሩ ወንበር ላይ በራሱ ክብደት ልክ የጨርቅ ጣቃ ደረደረ። የጎኑ ወንበር ግን ሰው ይፈልጋል። ሚስቱ ወደ ሥራዋ ሄዳለች፤ ቤት ያሉት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ብቻ ነበሩ።

አማትና አማች ደግሞ አይነጋገሩም። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል፤ እሳቸው ከመጡ ወራት አልፎ ብረት ሆነዋል። ገበታ ላይ እንኳ ነገራቸው የሚያልፈው በሚስትየዋ በኩል ነው። «ጨው ያቀብለኝ በይው» ይላሉ፣ ሰውየው ጨውን ይዞ አጠገባቸው ተቀምጦ። ዛሬ አስተርጓሚ የለም። ልብስ ሰፊው የመኪናዋን በር ከፍቶላቸው ቆመ፤ እሳቸውም ገቡና ቀበቶ አሰሩ።

እሱ ከሥር ቀለበት ሲያዞር ቆይቶ ድምፅ ሰማ።

«አንቺ መኪና፣ ባለቤትሽ ምሳ አይበላም እንዴ?»

እጁ ቅባት ስለሆነ ቆይቶ እንደሚበላ ለመኪናዋ ነገራት። በማግስቱም ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ሹራባቸውን እየሠሩ እዚያው መዋል ሆነ። መፍቻ ያቀብሉታል፣ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው የሚያደርገውን ያያሉ። በመኪናዋ በኩል የልጅነታቸውን ጉድ አጫወቱት። እሱም አባቱ ሲሞት እንባ እምቢ እንዳለው ለመኪናዋ ነገራት።

አማቱ ሹራባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «አንቺ መኪና» አሉ፣ «አሁንም አልመሸበትም በይው።»

ሥራው ሲያልቅ ልኩ የማን እንደሆነ ታወቀ። አማቱ ካሉባት መኪናዋ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ከሌሉባት ወደ ግራ ትዘማለች። ልብስ ሰፊው ዳቦ ለመግዛት እንኳ አማቱን ይዞ መውጣት ጀመረ። ደንበኞቹ ሳቁበት። እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር፣ ደስታውን ለማንም ባይናገርም።

አንድ ጠዋት አማቱ ሻንጣቸውን ይዘው ገቡ። «አንቺ መኪና፣ ብረት ሆኛለሁ፤ ሳልዝግ ወደ ቤቴ ልሂድ» አሉ። አይሂዱ ሊል ፈለገ፤ አፉ ውስጥ ስፒል የያዘ ይመስል ከንፈሩ አልላቀቅ አለ። አንድ ተስፋ ብቻ ቀረው። ሲመለስ መኪናዋ መዝመሟ አይቀርም፤ ያኔ በሷ አሳብቦ ይለምናቸዋል። ለራሱ መለመን ያቅተዋል እንጂ ለመኪና ሲሆን አያፍርም።

ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ሲሄዱ መኪናዋ ወደ ቀኝ ሳብ ሳብ አለች። በሻንጣው ክብደት አመካኘ። አማቱን አውርዶ ብቻውን ሲመለስ ግን እጁን ከመሪው ቢያነሳም ቀጥ ብላ ሄደች። ክፉኛ ደነገጠ።

ዳር ይዞ አቆመና ከሥር ገባ። የቀኙ ሞላ ቀለበት በጥንቃቄ ዝቅ ተደርጎ፣ ጥርሱ ላይ የአማቱ የሹራብ ክር ተጠምጥሞበታል። ክሪኩን ማን እንዳነሳላቸው እግዜር ይወቅ። ያለሳቸው እንዳይቸገር ብለው ራሳቸውን ከመኪናዋ ልክ ቀንሰው ሄደዋል። ልብስ ሰፊው እዚያው አስፋልት ላይ በጀርባው ተኝቶ አለቀሰ፤ የአባቱንም ጨምሮ።

ከዚያ ክሪኩንና መፍቻውን ከመኪናዋ ኋላ አውጥቶ ቀለበቱን ወደ አማቱ ልክ መለሰው። ወደ ግራ የምትጎትተውን መሪ በሁለት እጁ እየታገለ ጣቢያው ደረሰ። አውቶቡሱ ገና አልተነሳም ነበር። አማቱ በተቀመጡበት መስኮት ሥር ቆመ፤ በመካከላቸው መኪናም ሚስትም አልነበረም።

«እማማ፣ ያለ እርስዎ ቀጥ ብላ አትሄድም።»

«አስተካክያት አልነበር እንዴ?»

«አበላሸኋት» አለ።

አማቱ ቅባት የነካውን ፊቱን አዩት። ከዚያ ሻንጣውን በመስኮት አሳልፈው፣ «እንካ፣ ተቀበለኝ» አሉት።