ሰም የጠጣ መደገፊያ

ድሮ ቢያንስ ጓሮው ይጮህ ነበር። ባሏ የሥራ ልብሱን አጥልቆ ጓሮ ካለችው ክፍል ሲገባ የኤሌክትሪክ መጋዙ ያጓራል፣ ሰጋቱራው ተነስቶ የታጠበ ልብሷ ላይ ያርፋል፣ እሷም ከማጀት ሆና ትራገማለች። ግን ሲመሽ አንድ መደርደሪያ ይወጣ ነበር። መደርደሪያው ትንሽ ቢዘምም ዕቃ ይሸከማል። አሁን ክፍሏ ጸጥ ብላለች፤ ከውስጧ የሚወጣውም ፍቅፋቂ ብቻ ነው።

ሰውየው አዘቦቱን ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ወረቀት ሲያገላብጥ ይውላል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን አናጢ ነኝ ይላል። የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው፤ በሽታም እንደዚያ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ማለስለሻ ማሽኑን ጠላው። "እንጨቱን ያፍነዋል" አለ። እንጨት ይተነፍስ ይመስል! በእሱ ፈንታ የእጅ መላጊያ ገዛ። ለመላጊያው ደግሞ የመሳያ ድንጋይ መጣ፣ ድንጋዩን የሚያስተካክል ሌላ ድንጋይም ተከተለ። ስለቱ መሳሉን የሚፈትነው የክንዱን ጸጉር እየላጨ ስለነበር ግራ ክንዱ የሕፃን ጉንጭ መሰለ። ከዚያ የመጋዙ ተራ ደረሰ፣ ከዚያ የመሰርሰሪያው። እያንዳንዱን ለሚስቱ ታናሽ ወንድም ሲሰጥ ፊቱ ላይ ሱስ የተወ ሰው ኩራት ይነበብ ነበር። ማሽን የያዘ አናጢ ሁሉ በእሱ ዓይን "እንጨት ፈጂ" ሆነ። ወንድሟም በተራው "ሊቀ ጠበብት" ብሎ ሰየመው። ባሏ ማዕረጉን እንጂ ስላቁን አልሰማም።

ይህ ሁሉ ያስቃት ነበር። ሰው በእረፍት ቀኑ ክንዱን ቢላጭ ማንን ጎዳ? የሳቀችው እናቷ ጉልበታቸው ከድቷቸው እሷ ጋ ሊኖሩ እስኪመጡ ድረስ ነው።

ትርፍ መኝታ ቤት ያለው ፎቅ ላይ ብቻ ነው። ደረጃው በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ባዶ አየር ነው። ድሮ የብረት መደገፊያ ነበረው። ባሏ ግን "ብረት ቤት ውስጥ ነውር ነው፣ በእንጨት እተካዋለሁ" ብሎ ቆርጦ ጣለው። የቆረጠበትንም ማሽን በማግስቱ ለወንድሟ አስረከበ።

እናቷ ሰው ደግፎ ከሚያወጣቸውና ከሚያወርዳቸው ሞታቸውን የሚመርጡ ሴት ናቸው። የለመኑት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በገዛ እግራቸው ወርደው በር ላይ ፀሐይ መሞቅ። መደገፊያው እስኪሠራ ግን በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ይወርዱ ነበር። "ዞር በይ፣ አትዪኝ" ይሏታል። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቆማለች።

"መቼ ነው የሚያልቀው?" አለችው ባሏን።

"እንጨቱ ገና ቤቱን እየለመደ ነው።"

"እማዬ ቤቱን ሳትለምድ እንጨቱ ይልመደው?"

"አንቺ አይገባሽም" አለና የመላጊያውን ስለት ወደ ብርሃን አንስቶ በአንድ ዓይኑ አየው። "ጥድፊያ የማሽን ጠባይ ነው።"

አልገባትም፣ እውነቱን ነው። አንድ ጣውላ ሳምንታት ሙሉ ሲታሽ፣ ሲዳበስ፣ ሲሸተት ማየት እንዴት ይገባታል? እሷን እንደዚያ ዳብሷት አያውቅም።

አንድ እሁድ ወንድሟ መጣና እናቱ ሲንፏቀቁ አየ። ፊቱ ጠቆረ። "እህቴ፣ አንድ ቱቦ ግድግዳው ላይ በብሎን ልምታና እንገላገል። ካልሆነ እማዬን ወደ እኔ እወስዳታለሁ፤ የእኔ ቤት ደረጃ የለውም።"

"ከልጄ ቤት የትም አልሄድም!" አሉ እናትየው። "ያንተ ቤት ጫጫታ ነው።"

እዚህ ላይ ነበር "ቱቦውን አምጣ" ማለት የነበረባት። አላለችም። ባሏን እሷ ብትንቀው መብቷ ነው፣ አብራው ኖራ ያገኘችው፤ ወንድሟ ሲስቅበት ግን ውርደቱ የእሷም መሰላት። "እየሠራው ነው" አለች ደረቷን ነፍታ። "ሲያልቅ አፍህን ይዘህ ታያለህ።" በኋላ ይህን የተናገረ አፏን ረገመችው።

አለቀ። እውነት ለመናገር ያምራል። አንድ ብሎን የለውም፤ እንጨት ከእንጨት ጋር ተጎራርሶ ነው የቆመው። ከላገው በኋላ ፋቀው፣ ከፋቀው በኋላ ሰም ቀባው፣ ወለወለ፣ ደግሞ ቀባ፣ ደግሞ ወለወለ፤ እንጨቱ ሰም ጠጥቶ ጠጥቶ መስታወት ሆነ። ባሏ ከታች ቆሞ አንገቱን ዘመም አድርጎ ያየዋል። ለእሷ እንኳ "እጅሽ ቅባት አለው፣ ታጥበሽ ንኪው" ብሏታል።

እናቷ ንጹሕ ቀሚሳቸውን ለብሰው ደረጃው አናት ላይ ቆሙ። "እሰይ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ" ብለው መረቁትና መደገፊያውን ያዙ። አንድ እርከን ወረዱ። ሁለተኛው ላይ ጉልበታቸው ታጠፈ። መደገፊያ የሚፈለገው ለዚያች ቅጽበት ነው። ሙሉ ክብደታቸው እጃቸው ላይ ዐረፈ፣ እጃቸውም ሳሙና እንደያዘ ሰው ሙልጭ ብሎ ሄደ። ጣታቸውን ጨምድደው ሊያስቆሙት ሞከሩ፤ እንጨቱ ወፍራም ነው፣ ጣቶቻቸው አልዞሩበትም። የግድግዳውን ጥመት ሳይቀር የለካ ሰው የአማቱን እጅ አልለካም ነበር።

ተንከባለው የቆሙት የደረጃው መታጠፊያ ላይ በጎናቸው ወድቀው ነው። እሷ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። እናቷን ደግፋ አስቀመጠቻቸው፤ የእጃቸው አንጓ ወዲያው ማበጥ ጀመረ። ባሏም እየሮጠ ወጣ። ወጣና እጁን ዘረጋ፣ ወደ መደገፊያው። የእናቷ ቀለበት ያለፈበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ጎንበስ ብሎ በብርሃን አየው።

"ተመስገን" አለ ትንፋሹን ለቆ። "አልተቧጨረም።"

ያን ለስላሳ ክንዱን አየችና አስጠላት፣ ልክ ሾርባ ውስጥ ጸጉር እንዳገኘች። ከእሱ ይልቅ ደግሞ ደረቷን ነፍታ የተሟገተችለት ራሷ አስጠላቻት።

"ወንድምሽን ጥሪልኝ" አሉ እናቷ።

"እማዬ፣ እባክሽ..."

"ጥሪልኝ አልኩሽ።"

ወደ ላይ አልመለስም ብለው እዚያው መታጠፊያው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፣ እጃቸው በፎጣ ተጠቅልሎ። ወንድሟ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ገባ። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻላት ነበር። አቅፎ ሊያወርዳቸው ሲጠጋ እናቱ በጤነኛ እጃቸው መለሱትና በመቀመጫቸው መውረድ ጀመሩ፣ አንድ እርከን፣ ዕረፍት፣ አንድ እርከን።

ባሏ ከጎናቸው እየተከተለ "እማማ፣ ኧረ መደገፊያውን ይያዙ" አላቸው። የምሩን ነበር፤ ሥራው ሳይያዝ መቅረቱ ከልቡ አሳዝኖታል።

እናቷ ቆም አሉ። ቀና ብለው መጀመሪያ እንጨቱን፣ ቀጥሎ እሱን አዩት።

"ተወው ልጄ" አሉት። "እንዳይቆሽሽብህ።"