አሥራ አንዱ ባዕዶች

በሰባተኛው ማሳ መካከል ቀይ ክር የታሰረባቸው ስንዴዎች ቆመው ስታይ ወንፊት ደሟ ፈላ። አንድ አይደሉ፣ ሁለት አይደሉ፣ አሥራ አንድ! ከጎረቤቶቻቸው በአንድ ስንዝር ያጠሩ፣ ቅጠላቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ሌላው ዛላውን አውጥቶ ሲጨርስ እነሱ ገና እንቅልፍ ላይ ያሉ አሥራ አንድ ባዕዶች። ክሩ «አትንኩ» ማለት ነው። በእሷ ማሳ ላይ «አትንኩ» የሚል ማነው? የት አባቱ!

ሴትዮዋ የተቆጣችው በከንቱ አይደለም። በዘር ማባዣ ጣቢያው ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው አንድ ሥራ ነው፤ ባዕድ መንቀል። ለዘር የሚባዛ ስንዴ ቁመቱም፣ የሚያሸትበት ቀንም፣ የዛላው ጺም ሳይቀር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ከመካከል ረዝሞ ወይም አጥሮ፣ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የተገኘ ተክል በጣቢያው ቋንቋ «ባዕድ» ይባላል፤ ባዕድ ደግሞ ከነሥሩ ይነቀላል። ወንፊት አሥር ሴቶች አሰልፋ መስመር ለመስመር ትሄዳለች። ሌሎቹ ሁለቴ አይተው ያለፉትን እሷ በጀርባዋ ታየዋለች እየተባለ ይወራላታል። ወንፊት የተባለችውም ለዚህ ነው፤ የራሷን ስም የሚያውቀው መዝገብ ቤቱ ብቻ ነው። ሃያ ዘጠኝ ቁጥር የሚባለው ይህ ስንዴ ደግሞ የዓይኗ ብሌን ነው። ከዳር ቆመው ሲያዩት በመቀስ የተከረከመ ይመስላል።

«ማነው ያሰረው?» ብላ ዞረች። ሴቶቹ መሬት መሬቱን አዩ። በመጨረሻ ድንቢጥ፣ አሥራ አምስት ዓመት ከጎኗ ያልተለየችው አጭሯ ሴት፣ አፏን ሞላ አድርጋ ሳትናገር፣ «እትዬ፣ ልጅሽ ናት። ትናንት ከሰዓት መጥታ ነው» አለች።

ልጇ እዚያው ጣቢያው ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ጠባብ ክፍል ነው፤ አልኮል አልኮል ይሸታል፣ የማቀዝቀዣው በር እንዳይከፈት በጎማ ታስሯል። ወንፊት ሳታንኳኳ፣ ጭቃ በጠጣ ቦቲዋ ዘው አለች።

«ክርሽን ፍቺ!»

«ደህና ዋልሽ፣ እማዬ።»

«ደህና አልዋልኩም! ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ አንቺ አሥራ አንድ ባዕድ ሙሽራ አስመስለሽ ታቆሚልኛለሽ? ከእኔ ጋር ምን አለሽ?»

ልጇ አንድ የሃያ ዘጠኝ ቅጠል አንስታ መብራቱ ሥር ዘረጋችላት። በቅጠሉ ሆድ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት የቋጠሩ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ለዚህ ወንፊት አጉሊ መነጽር አላስፈለጋትም። ዋግ ነው፤ ስንዴን የሚያደርቀው ያ የተረገመ ሻጋታ።

«ዋግ ሃያ ዘጠኝን አይነካም» አለች።

«አይነካም ነበር። ዋጉ ተለውጧል። የዚህ ዱቄት እያንዳንዷ ቅንጣት ዘር ናት፣ እማዬ። ስትባዛ ጂኗን፣ ከእናቷ የወረሰችውን መመሪያ፣ እንደ ጽሑፍ ትገለብጣለች፤ ስትገለብጥ አንዳንዴ ትስታለች። የሳቱት አብዛኞቹ ምንም አያመጡም፣ ወይም ይሞታሉ። አንዷ ግን ስታ የሃያ ዘጠኝን በር የሚከፍት ቁልፍ ይዛ ተገኘች። አስባበት አይደለም፤ ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ የወለደችው ሁሉ ያን ቁልፍ ይወርሳል። ሃያ ዘጠኝ ደግሞ ሁሉም አንድ በር ነው። አንዱ ከተከፈተ ሁሉም ተከፈተ ማለት ነው።»

«እና ያንቺ ሙሽሮችስ?»

«እነሱም ስተዋል። አምና አንዲት እናት ተክል ውስጥ ጂን ሲገለበጥ ተዛነፈ። ፍሬዋ እዚያው ረግፎ በቀለ። ማጠራቸውንና መዘግየታቸውን አይተሻል፤ ቅጠላቸውን ግን አላየሽም። ዋግ በዙሪያቸው አለ፣ እነሱ ላይ አንድም ነጠብጣብ የለም። እስኪያፈሩ ስድስት ሳምንት ስጪኝ። የምለምንሽ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው።»

ወንፊት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ስህተት ናቸው ማለት ነዋ! ራስሽ አልሽው! ስህተት ደግሞ ይነቀላል። እኔ ስህተት ነቅዬ ነው ያሳደግኩሽ!»

«እማዬ፣ ፍጥረት ሁሉ እዚህ የደረሰው ሲገለበጥ ተስቶ፣ ሳይነቀል በቀረው ነው። ስንዴው ራሱ እንዲያ ነው የመጣው። ይቺንስ ማን ነቀለልሽ?» ብላ ልጇ በራሷ ግንባር ላይ ያለውን ነጭ የጸጉር ቁንጮ ነካች።

ይህ ነገር ባይነሳ ይሻል ነበር። ነጩ ቁንጮ ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ የመጣ ነው። ወንፊት ዕድሜዋን ሙሉ በሻሽ ሸፍናዋለች። ከሠርጓ በፊት የባሏ ወገኖች «በሽታ ይሆን እንዴ?» ብለው ሽማግሌ ፊት የጠየቁበትን ቀን እስከዛሬ አልረሳችውም። ልጅቷ ግን ጸጉሯን ወደኋላ አሲዛ ቁንጮዋን እንደ ጌጥ ይዛው ትዞራለች። ይህም ሌላ ንዴት ነው።

«ጸጉሬን ከስንዴ ጋር አታወዳድሪ!» አለችና በሩን በኃይል ዘግታባት ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ ጠበቃት። ሴቶቹ «ሪፖርት» ነው የሚሉት፤ ምሳ መብላቱን እንኳ ሪፖርት ሳያደርግ አይቀርም። በእጁ የልጇን ደብዳቤ ይዟል።

«ልጅዎ ባዕዶቹ ይቆዩ ብላ ጽፋልኛለች» አለ፣ ወረቀቱን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዘ። «ዋጉን እንረጨዋለን፣ መድኃኒት ታዟል። ሐሙስ ግን አንድ ባዕድ እንኳ ከተገኘ ማሳው ይወድቃል። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ የእርስዎ ማሳ ወድቆ ያውቃል?»

ብልጥ ነው። የት እንደሚያማት ያውቃል።

«አያውቅም» አለች ወንፊት።

ረቡዕ፣ ሴቶቹ ምሳ ሲወጡ፣ ብቻዋን ገባች። የሠራችውን ሁሉ እንደ ሙያዋ ሠራችው። ተክሉን ከሥሩ ጨብጣ መዘዘችው፤ ከሥር የቀረ ቡቃያ እንዳይኖር አፈሩን በጣቷ ፈተሸች፤ ሥሩን አራገፈች፤ መሬት ቢነካ መልሶ እንዳይበቅል አገዳውን ሦስት ቦታ ሰበረችው። ከዚያ ጆንያ ውስጥ። አሥራ አንዱንም እንዲህ አደረገች። ጆንያውን ከማሳው ውጭ አውጥታ ጋዝ አርከፈከፈችበትና ከነክሩ አቃጠለችው። ሥራዋን የማታውቅ ዝርክርክ ሴት ብትሆን ኖሮ አንዱ ባመለጣት! ግን ወንፊት ናትና አላመለጣትም።

ልጇ ማታ ወደ ቤት ስትመጣ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር፤ ጩኸትማ ወንፊት ታውቅበታለች። ልጅቷ በሩ ላይ እንደቆመች፣ «እንዲህ ያለ ስህተት እስኪደገም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ?» አለች። «እኔም አላውቅም። ማንም አያውቅም። ምናልባት ከነጭራሹ አይደገምም።» ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ጀርባ ለጀርባ ኖሩ።

ሐሙስ ማሳው አለፈ። ተቆጣጣሪዎቹ በሜትር እየለኩ፣ እየቆጠሩ አንድም ባዕድ አላገኙም። ሪፖርት እጁን እያፋተገ «እንዲህ ነው እንጂ ሥራ!» አለ። ወንፊት አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች።

በሁለተኛው ሳምንት ሃያ ዘጠኝ ተያያዘ። ጠዋት አረንጓዴ የነበረው መስመር ከሰዓት ዝጎ ይገኛል። ሴቶቹ ማሳ ገብተው ሲወጡ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ብርቱካናማ ይሆናል። የታዘዘው መድኃኒት ሲደርስ ዋጉ ማሳውን አዳርሶ ነበር። ሁሉም አንድ ቁመት፣ አንድ ዕድሜ፣ አንድ በር ነውና የአንዱ ሞት የሁሉም ሞት ሆነ። የሌላ ሰው ዘርም እንዲሁ ነው፤ ሃያ ዘጠኝን የዘራ በየአገሩ ስንት ገበሬ አለ! ሪፖርት ግን ቢሮው ተቀምጦ «መጠነኛ ምልክት ታይቷል፣ በቁጥጥር ሥር ነው» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ቁጥጥር እስኪደርስ ነቀላው እንዲቀጥልም አዘዘ። ዓይን አውጣ!

ወንፊት መጀመሪያ በእሱ ተቃጠለች። ቀጥላ በነፋሱ። ቀጥላ በልጇ፤ «ይህን ያህል የሚያስፈራ ከሆነ እጄን በገመድ አስራ አታስቀረኝም ነበር?» እያለች። ሁሉንም ተቆጥታ ስትጨርስ የቀረችው እሷው ራሷ ነበረች፤ ያን ጊዜ ቆሽቷ አረረ። ሃያ ስድስት ዓመት ስንቱን ነቅላለች? ስንቱን ቅጠሉን እንኳ ገልብጣ ሳታይ ሰብራለች? ይህን ለአንድ ሰው ብትናገር ቀለል ባላት። ለማን ትናገር? ሴቶቹን እጃቸውን ይዛ ያስተማረችው እሷ ናት። በእነሱ ፊት «ተሳስቻለሁ» ከምትል ምላሷ ቢቆረጥ መረጠች። ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሰችላቸውም፤ እነሱም እንዳስተማረቻቸው መንቀላቸውን ቀጠሉ።

በምሳ ሰዓት ግን ብቻዋን መፈለግ ጀመረች። የዛገውን ማሳ መስመር ለመስመር ትቃኛለች፤ የሚለይ ነገር ፍለጋ። አንደኛው ቀን ምንም። ሁለተኛው ቀን ምንም። በሦስተኛው ቀን፣ ውሃ መውረጃው ቦይ አጠገብ፣ ዓይኗ ቆመ። አጭር። ሰማያዊ። ንጹሕ! ልጇም ያላየችው፣ እሷም ያልቆጠረችው አሥራ ሁለተኛ! በጉልበቷ ወድቃ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለበጠች። ጎረቤቶቹ ደርቀው እየረገፉበት እሱ አንድ ነጠብጣብ የለበትም። አራት ዛላ አውጥቷል፤ ገና ለጋ ነው። ወንፊት እንባዋ መጣ፣ በእንባዋም ተናደደች።

ተነስታ ሮጠች። ምልክት ማድረግ እንኳ ትዝ አላላትም። ባዕድ አግኝታ ምልክት አድርጋ አታውቅም፤ እጇ የሚያውቀው መንቀል ብቻ ነው።

ላቦራቶሪው በር ላይ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ተነሺ! አንድ አለ!» አለች።

ለሦስት ሳምንት ያልተነጋገሩ እናትና ልጅ በዚህች ቃል ብቻ ጎን ለጎን ሮጡ። ልጅቷ የያዘችውን ብዕር እንኳ አላስቀመጠችም። የሥራ መግቢያ ደወል የተደወለው እነሱ መጋዘኑን ሲያልፉ ነው። ወንፊት ደወሉን ስትሰማ ክው አለች፤ እግሯ ግን ከዚህ በላይ አልፈጠነላትም።

ድንቢጥ ቦዩ አጠገብ ቆማለች። ፊቷ በደስታ በርቷል። ተክሉን አንገቱን ይዛ ወደ ላይ አነሳችው፤ ሥሩ ከአፈሩ ተራግፏል፣ አገዳው ሦስት ቦታ ተሰብሯል።

«እትዬ፣ ጉድ ልትሆኚ ነበር!» አለች እየሳቀች። «አንቺን ያመለጠሽን እኔ አገኘሁልሽ!»

ወንፊት ትከሻዋን ጨምድዳ ያዘቻት። «ምነው እጅሽ በተቆረጠ! ዝም ብሎ መንቀል ማነው ያስተማረሽ? ማነው እንዲህ ሰባብሪው ያለሽ? ተናገሪ!»

የድንቢጥ ሳቅ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ግራ ገብቷት የሁለቱንም ዓይን አየች።

«አንቺ ነሻ፣ እትዬ» አለች። «ሦስት ቦታ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ልጇ ዛላውን ተቀበለቻትና አንዷን ፍሬ በጥፍሯ ጫን አደረገቻት። ቀጭን ውሃ ወጣ። ሌላ ሞከረች፤ ውሃ። ከአራቱም ዛላ አንዳንድ ሞከረች። «ገና ፍሬ አልሆነም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ወንፊትን ያቃጠላትም ይሄው ነው።

ሌሎቹ ሴቶች ይህን ሁሉ አላዩም። ሰልፋቸውን ይዘው፣ ጆንያቸውን በግራ ትከሻቸው አንጠልጥለው፣ በእሷው አረማመድ፣ አንገታቸውን በእሷው አኳኋን ሰገግ አድርገው ወደሚቀጥለው መስመር እየገቡ ነበር።

«ቁሙ!» ብላ ጮኸች ወንፊት። ሴቶቹ ቆሙ። «ተሳስቻለሁ! ሰማችሁ? እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! ከእንግዲህ የሚለይ ተክል ያየ አይንካው! ይጥራኝ! ማንም እንዳይነቅል!»

ሴቶቹ ከዳር እስከ ዳር የዛገውን ማሳ አዩ፣ መልሰው እርስ በርሳቸው ተያዩ። የተናገረችው ድንቢጥ ናት፤ ትከሻዋን እያሸች፣ የማታ ሥራ ስታስረክብ በምትናገርበት ለስላሳ ድምፅ።

«የሚለይ አልቀረም እኮ፣ እትዬ። ይሄ የመጨረሻው ነበር።»