የሜትሮኗ መሳቢያ

«ቁርሳቸውን ግማሽ በልተዋል። ሻይ ሁለት ብርጭቆ። እንቅልፍ አራት ሰዓት ከሩብ። አንድ ጊዜ አልቅሰዋል፤ ሰባት ደቂቃ።»

አዋላጇ ይህን ከደብተር ላይ እያነበበች ለቀን ተረኛዋ ስታስረክብ፣ የሚወራለት ሰውዬ ሁለት እርምጃ ርቆ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

«አምስት ደቂቃ ነው» አለ። «ሁለቱ ጉንፋን ነው።»

አዋላጇ እስክሪብቶዋን አንስታ ጨመረችበት። «ንቁ ናቸው። ይከራከራሉ።»

ሚስቱ የተቀበረችው ትናንት ሰኞ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል ሜትሮን፣ የነርሶች አለቃ፣ ሆና ኖራለች። ነርሶቿ ከመቃብር እንደተመለሱ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ቤቱን በሁለት ፈረቃ ተካፈሉት። ጠዋት ሁለት ሰዓት አንዷ ታስረክባለች፣ ማታ ሁለት ሰዓት ሌላዋ ትረከባለች። የደከመ ሰው ሲያዩ እጃቸው የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ሰውዬው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የገበያ ሚዛን መርማሪ ነበር። የናስ መመዘኛዎቹን በሣጥን ይዞ ከሱቅ ሱቅ የሚዞር፣ አምስት ግራም የምትሰርቅ ሚዛን ካገኘ ቀኑን ሙሉ ሲበሳጭ የሚውል ዓይነት። አሁን ግን ብርጭቆ እንኳ እንዲያነሳ አልተፈቀደለትም። ሊነሳ ሲሞክር አንዷ ብብቱ ሥር ትገባለች። ሾርባው ፊት ሲያቅማማ አዋላጇ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ «አይዞዎት ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረዎት፣ በርቱ» ትለዋለች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ምጥ የያዛቸውን ስታበረታታ በኖረችበት ድምፅ። ሾርባውን የሚጨርሰው ከምጡ ለመገላገል ነበር።

ለቀስተኛውም ሁለት ሁለት እየሆነ ነው የሚገባው። ታላቅ እህቱ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ በር ላይ ግማሽ ሰዓት አስጠበቋት።

«ለወንድሜ ለቅሶ መጥቼ የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል ተባልኩ» አለች፣ ገብታ ሻርፗን እያስተካከለች። «ነገ ደግሞ ካርድ አውጪ ሊሉኝ ነው።»

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ እትዬ። ደብተር ላይ ይጽፉሻል።»

ደብተሩ የራሱ ነበር። ሚስቱ በታመመችባቸው አሥራ ዘጠኝ ወራት እሱ ያሰመረው ነው፤ ሰዓት፣ መድኃኒት፣ ክብደት፣ ሁኔታ። ዳር ላይ ደግሞ ሁለት ዓምዶች አሉ፤ አስረካቢ እና ተረካቢ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ ማታ ለራሱ ያስረክባል፣ ጠዋት ከራሱ ይረከባል፣ በሁለቱም ቦታ ይፈርማል። አዋላጇ ደብተሩን ሰኞ ዕለት ጠረጴዛ ላይ አግኝታ ገልጣ ስታየው ቆየች። «በክፍላችን እንዲህ የሚመዘግብ የለም» አለችና፣ መጨረሻው መስመር ካቆመበት ሥር የእሱን እራት ጽፋ ቀጠለች።

ማክሰኞ ከሰዓት አዋላጇ፣ ፈረቃዋ ቢያልቅም ቤቷ ሳትሄድ፣ የደም ግፊቱን ለሦስተኛ ጊዜ እየለካች ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ሜትሮን ዘንድ አንዲት ወረቀት ነበረችኝ። መሳቢያዋ ውስጥ ትሆናለች። ማንም ሳያይ ባገኛት።»

«ምን ዓይነት ወረቀት?»

«ተራ ወረቀት ናት» አለች አዋላጇ፣ መለኪያውን አብዝታ እየነፋች።

ክንዱ ሳይለቀቅ የቀን ተረኛዋ መጣች። እሷም አንዲት ወረቀት ነበረቻት፤ እሷም ማንም እንዳያይ ፈልጋለች። እስከ ማታ ድረስ ስድስት ነርስና አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ በየተራ አጠገቡ ተቀምጠው አንሾካሾኩ። እያንዳንዳቸው እንዲህ ያለ ወረቀት ያላቸው እነሱ ብቻ መስሏቸዋል።

እሱ ግን ወረቀቶቹን ያውቃቸዋል። የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻዎች ናቸው። ሚስቱ ማመልከቻ አልቀበልም ብላ አታውቅም። «አምጪው፣ አየዋለሁ» ትልና ቤት አምጥታ መሳቢያዋ ውስጥ ትከተዋለች። በሦስተኛው ቀን በቀይ እስክሪብቶ አርማ፣ የሆነ ዕረፍት ወይም የፈረቃ ለውጥ ጽፋበት፣ አመልካቿን ትጠራለች። ያነበበች ነርስ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱን እዚያው ትታው ትወጣለች። መሳቢያዋን ለመዝጋት በጉልበት መግፋት ያስፈልግ ነበር። ስትታመም ደግሞ ማመልከቻው ቤት ድረስ ይመጣላት ጀመር።

«ቁልፉ ጠፍቶብኛል» አላቸው ለሁሉም። ቁልፉ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር፤ በጣቱ ይነካካዋል።

መሳቢያው ውስጥ የሱም ማመልከቻ ነበር።

የጻፈው ከአምስት ወር በፊት ነው። በዚያ ሰሞን እሷን ከአልጋ አንስቶ ማጠቢያ ቤት ያደርስና እዚያው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ያንቀላፋል። አንድ ቀን የጠዋቱን ኪኒን ሰጥቷት ይሁን አይሁን ጠፋው፤ ሚዛን መርማሪ ሆኖ ሳለ ኪኒኖቹን አራቴ ቆጥሮ አራት የተለያየ ቁጥር አገኘ። ደከመኝ ብሎ ሊነግራት አፉ እምቢ አለው። ደግሞም በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራቸው አንድ ነገር ባነሳ ቁጥር «በጽሑፍ አቅርብ» ማለት የዘወትር ቀልዷ ነበር። አቀረበ። ወረቀቱን ከመድኃኒቱ ጋር ትሪው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ትሪውን ሊያነሳ ሲመለስ ወረቀቱ የለም። በሦስተኛው ቀን ምንም አላለችውም። በሠላሳኛውም። አንብባ ተቀይማ ይሆን፣ ይህንኑ ይዛ ሄዳ ይሆን? ከሞተችበት እሑድ ጀምሮ ልቡን የሚበላው ይኸው ነው፤ እነሱ ደብተሩ ላይ «የምግብ ፍላጎት ቀንሷል» ብለው የጻፉት።

ረቡዕ በስምንት ሰዓት ነርሶቹ «ዝምተኛዋ» የሚሏት መጣች። ከሕፃናት ክፍል ነች፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ከማታ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆማ አድራ፣ የምትተካት ስላልነበረች እስከ ቀትር ስትሠራ ውላ ነው በቀጥታ የመጣችው። ያልጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች። አላንሾካሾከችም።

«ጋሼ፣ ማመልከቻዬን ልውሰድ። ባለፈው ሳምንት ሰጥቻት ሳትመልስልኝ ቀረች። ከሰኞ ጀምሮ አክስቴ ሱቅ እገባለሁ።»

«ምን ትሸጣለች?»

«መጋረጃ» አለች ዝምተኛዋ። «መጋረጃ አይታመምም።»

ዓይኖቿ ሥር ሁለት ጥቁር ግማሽ ክቦች አሉ። ለእሷ ቁልፉ ጠፍቷል ማለት አቃተው። ከኪሱ አውጥቶ ከፈተ።

ላይ የነበረው የአዋላጇ ነው። ቀዩ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ማመልከቻ ቁጥር ስድስት። ከአምስተኛው ይሻላል፤ ፊደሉ ተስተካክሏል። ዓርብና ቅዳሜን ተኝተሽ እለፊያቸው። እሑድም ካላስቻለሽ ሰባተኛውን ጻፊ።» ዝምተኛዋ ሳቋ አመለጣትና አፏን በእጇ ያዘች።

ከሥሩ የሱ ወረቀት ወጣ። መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠረገ።

«ለባለቤቴ። ጉዳዩ፦ ከአስታማሚነት ሥራ ስለመልቀቅ። እንደሚታወቀው ላለፉት አሥራ አራት ወራት ያለ ዕረፍት ሳገለግል ቆይቻለሁ…»

«እንደሚታወቀው» የሚለው ቃል በቀይ ተከቧል። ጎኑ ላይ፦ «ለማን ነው የሚታወቀው? ነግረኸኝ አታውቅም።»

ግርጌው ላይ፦ «መልቀቅ አልተፈቀደም። ዕረፍት ተፈቅዷል፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እህትህ። ረቡዕ ከሰዓት፣ ዝምተኛዋ። ይህ ወረቀት አይመለስልህም፤ ካየኸው ሰው አላስቸግርም ብለህ ታበላሸዋለህ።»

እህቱ ያኔ በየቅዳሜው መምጣት የጀመረችው ቧንቧዬ ተበላሸ ብላ ነበር። አምስት ወር የተበላሸ ቧንቧ፤ እሱም አምኗል። ዝምተኛዋ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ «መንገዴ ላይ ስለሆነ» እያለች ትገባና እሱ ገበያ ወርዶ የሰው ሚዛን ሲያይ ይቆይ ነበር።

«ቤትሽ የት ነው?» አላት።

«የከተማው ሌላኛው ጫፍ።»

«ረቡዕ የዕረፍት ቀንሽ ነበር?»

ጎንበስ ብላ መሳቢያው ውስጥ የራሷን ወረቀት መፈለግ ጀመረች። ስሟን እንዲሁ አላገኘችውም።

የሷ ማመልከቻ መጨረሻ ላይ ነበር። ቀኑ በቀይ ታርሟል፤ ቀጥሎ «ዕረፍት ተፈቅዷል፦» ይላል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ፊደሎቹ ወደ ታች ያዘነበሉ ናቸው፤ የመጨረሻዋ ሳምንት የእጅ ጽሑፍ።

ቀዩን እስክሪብቶ ከመሳቢያው አንስቶ ቀጠለላት፦ «ረቡዕ ከሰዓት።»

«እሱ የእርስዎ ነው እኮ» አለች።

«አስረክቤያለሁ።»

ዝምተኛዋ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አጥፋ መሳቢያው ውስጥ መለሰችው። «እስከ ሰኞ እዚህ ይቆይ። አክስቴ እንደሆነች አትጠፋም።» ትንሽ ልረፍ ብላ የሚስቱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን ሳታወልቅ አንገቷ ዘመም አለ።

ሚዛን መርማሪው ብድግ አለ። በሦስት ቀን ውስጥ ብብቱን ማንም ሳይይዘው ሲነሳ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጫማዋን አወለቀላት፤ የሚስቱን ሹራብ ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገ። አዋላጇ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ ወንበሩን አየችና መልሳ ዘጋችው።

በሩ ተንኳኳ። እህቱ ሁለት ዘመዶች አስከትላ ቆማለች።

«የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል» አላት በሹክሹክታ።

«አንተም ጀመርክ?»

«በረንዳ ላይ ጠብቂኝ፣ እትዬ። ስለ ቧንቧሽ አወራሻለሁ።»

እህቱ አቀረቀረች።

ተመልሶ ደብተሩን ገለጠ። ሰዓቱን አየ፤ የምትተነፍሰውን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረ። «ስምንት ሰዓት ከአርባ» ብሎ ጻፈ። «ተኝታለች። ትንፋሽ አሥራ አራት። አትቀስቅሷት።» ተረካቢ በሚለው ሥር ፈረመ። እንደ ልማዱ አስረካቢ ከሚለው ሥርም ሊፈርም እጁን አስጠግቶ ቆመ። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ ቀዩ ለወጠና፣ ፊደሎቹን ወደ ታች ትንሽ እያዘነበለ፣ «ሜትሮን» ብሎ ጻፈበት።