ካይሮ ያልሄዱት ባቢክር

«ካይሮ ብትወስጂው ኖሮ ወንድሜ ዛሬ በሕይወት ነበር» አለች ቡሴይና፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ።

ኢቅባል የሻይ ብርጭቆ መሰብሰቧን ቀጠለች። አባቷ ከተቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ደጅ በተተከለው ድንኳን ወንዶቹ እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሃ ይቀራሉ፤ ውስጥ ደግሞ አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ልቅሶው እንደገና ይነሣል። በመሐሉ ሹክሹክታ አለ። የተማረች ልጅ እያለቻቸው እንዴት ቤት ተኝተው ሞቱ ይባላል።

በሱዳኗ የባቡር ከተማ በአትባራ የኢቅባልን አባት ሐጂ ባቢክርን የማያውቅ የለም። ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ነድተዋል፤ ሲጋራም ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም። እናታቸው ሲሞቱ ጡት ያልጣለችውን ቡሴይናን አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ጓደኞቻቸው «የቡሴይና እናት» እያሉ ሲቀልዱባቸው «ወተት ብቻ ነው የጎደለኝ» ይሉ ነበር።

ካርቱም ያየቻቸው ሐኪም ምንም አልደበቀቻቸውም። ካንሰሩ ከሳንባቸው አልፎ አጥንታቸው ገብቷል፤ በቀዶ ሕክምና አይወጣም። ለሳንባ ካንሰር የወጣው አዲስ እንክብልም ለእሳቸው ዓይነት እንደማይሆን ምርመራው አሳይቷል። ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ጥቂት ወራት ሊጨምርላቸው ይችላል፣ ግን ያደክማል። ጨረር የጀርባቸውን ሕመም ያስታግሣል። ይህን ሁሉ ባይፈልጉ እንኳ ለሕመሙና ለትንፋሹ መድኃኒት አለ፣ ዝም ብለን አንተውዎትም አለቻቸው።

አንድ ዙር ኬሞ ሞከሩት። ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋ አልወረዱም። ከዚያ ጨረሩን ወሰዱና ቤቴ አሉ። ኢቅባል ለመነቻቸው፣ አኮረፈቻቸው። በመጨረሻ «የቀረችኝን ትንፋሽ ላውራባት፣ ልጄ» አሏት። የሕመሙን ክፋት ለቡሴይና እንዳትነግራትም አስማሏት።

ከቀትር በኋላ ቡሴይና፣ ኢቅባል ብርጭቆ ወደምታጥብበት ጓሮ ተከትላት መጣች።

«ሰው ፊት ዝም አልሽኝ። እዚህ መልሺልኝ።»

«አባዬ ነው እምቢ ያለው፣ አክስቴ።»

«ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

«ቤቷን ሸጣ ትወስደኛለች፣ እሷን ደግሞ እምቢ ማለት አልችልም አለ።»

«እሸጥ ነበር።»

«ያውቃል።»

ቡሴይና ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። ተሠቃይቶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ኢቅባል አልደበቀችም። ትንፋሽ ያጠራቸው ጊዜ ነበር፤ የሕመም ማስታገሻውን ሞርፊን ሲወስዱ ግን ይረጋጉ ነበር። ሊሞቱ ሰሞን እንኳ ናይል ዳር ወስዳቸው ጥብስ ዓሣ በልተዋል፤ ቡሴይና በልጅነቷ ባቡራቸው ውስጥ ተደብቃ ፖርት ሱዳን ድረስ የሄደችበትን ቀን እያነሡ ሲስቁ ውለዋል።

«የዚያን ቀን እንደመታኝስ ነገረሽ?»

«ኧረ አልመታኋትም ነው ያለው።»

«መትቶኛል» አለች ቡሴይና። ፈገግ ልትል ስትል እንባዋ ቀደማት።

ከደጅ አዲስ ለቀስተኞች እያለቀሱ ሲገቡ ተሰማ። ቡሴይና ተነሣች። የኢቅባልን እርጥብ እጆች ተራ በተራ በተከናነበችው ነጭ የሐዘን ቶብ ጫፍ አደረቀቻቸው፤ ከዚያም አንዱን እጇን ሳትለቅ ይዛት ገባችና ከጎኗ አስቀመጠቻት።