ፍሬን ያረጀበት ፎቶ

ከዚያ ፎቶ ቤት አስቀያሚ ሰው ወጥቶ አያውቅም። መግባትማ ይገባል፤ ኧረ ስንቱ! ጉንጩን ብጉር የወረረው፣ አፍንጫው ወደ ግራ ያዘነበለበት፣ ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ አድሮ ዓይኑ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለ። ብቻ ፎቶውን ሊወስድ ተመልሶ ሲመጣ "ለካ እንዲህ ነኝ!" ብሎ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚወጣው።

ይህን ተአምር የምትሠራው ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጠባቧ ክፍል ውስጥ የምትቀመጥ ሴት ናት። ስም ነበራት፤ ግን ማን ይጠራባታል? ሰፈሩ ሁሉ "እርሳስ" ነው የሚላት። አንድ እርሳስ ጆሮዋ ላይ፣ አንድ ፀጉሯ ውስጥ፣ አንድ ጣቶቿ መሀል አይጠፋም። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚያምረው በእጅ ነው። ከሥሩ መብራት በሚበራ ጠረጴዛ ላይ ነጌቲቩን፣ ማለት ፎቶው የሚታተምበትን ፊልም፣ ታስቀምጥና፣ አጉሊ መነጽሯን ሰክታ የሰው ፊት ስትመረምር ትውላለች። ነጌቲቭ ላይ ነገር ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ በእርሳስ የተነካው ሲታጠብ ይነጣል፣ በምላጭ ጫፍ የተፋቀው ይጠቁራል። እሷ ምላጩን የምታነሳው ግፋ ቢል የሳሳ ቅንድብ ለመሙላት ነው።

የራሷን ኑሮ ግን በእርሳስ ማሳመር አልሆነላትም። ባሏ ልጃቸው ገና ድክ ድክ ስትል ለሥራ ብሎ ሌላ ከተማ ሄደ። ሥራውን አገኘ፣ ሌላ ሚስትም አገኘ፣ የመመለሻውን መንገድ ግን አጣው። ከዚያ ወዲህ እርሳስን የጠየቃት ወንድ ሁሉ የሚሰማው መልስ አንድ ነበር፤ "ልጄን ላሳድግ!" ልጅቷም አደገች። ቁመቷ እናቷን በለጠ፤ የጫማ ቁጥሯማ አይነሳ። እናትየው ግን አሁንም እያሳደገች ነው።

ከጠየቋት አንዱ ከመንገዱ ማዶ መኪና መንዳት የሚያስተምረው ሰው ነው። እሱንም ሰፈሩ ስም አውጥቶለታል፤ "ፍሬን" ይሉታል። ከጀማሪ ጎን ተቀምጦ ፍሬን ሲረግጥ ከመኖሩ የተነሳ ቀኝ እግሩ እረፍት አያውቅም። ሻይ ቤት ተቀምጦ እንኳ አስተናጋጁ ትሪ ይዞ ፈጠን ካለ መሬቱን ይረግጣል። ሰውየው ግን እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ልጅቷን ከትንሽነቷ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በማስተማሪያው መኪና ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው። መኪናውን በየቀኑ የሚነዳው ሌላ ጀማሪ ስለሆነ፣ ልጅቷ ፊደል ሳትጨርስ ጸሎቱን ሁሉ በቃሏ ወጣችው።

አንድ ጊዜ ታዲያ ፍሬን እናትየውን "እርስዎንስ መንዳት ላስተምርዎት? እንዲያው ከሥራ በኋላ…" አለና ላብ አጠመቀው። እሷ የለመደ አፏ ቀደማትና "ልጄን ላሳድግ!" አለችው። እስቲ አሁን መኪና ንጂ ለተባለ ይሄ መልስ ነው? እሱ ግን በደንብ ገባው፤ ዳግመኛ አልጠየቀም። እሷ ምላሷን ነክሳ ቀረች፤ ዓመታት አልፈውም ስታስበው ያንገበግባታል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለዚህ ነው።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ጠዋት ፍሬን በታላቅ እህቱ እየተነዳ ፎቶ ቤት ገባ። እህትየው ከአካሏ ድምፅዋ ቀድሞ የሚገባ ሴት ናት።

"የሙሽራ ፎቶ ነው የምንፈልገው!" ስትል ፍሬን ወለሉን ረገጠ። "ባሏ የሞተባት፣ የራሷ ቤትና የራሷ ሱቅ ያላት ሴት ሌላ ከተማ አግኝቼለታለሁ። መልኩን ልየው አለች። ከወደደችው ጠቅልሎ ይሄዳል። እስከ መቼ ሸሚዙን እኔ ልተኩስለት!"

እርሳስ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማች። ጠቅልሎ ይሄዳል! ከመንገዱ ማዶ ያ ሰው ከሌለ እሷ ጠዋት መስኮት የምትከፍተው ምን ልታይ ነው?

ሽማግሌው ባለ ፎቶ ቤት ጭንቅላቱን ቀና፣ ትከሻውን ዘና አስደርጎ አነሳው። ፍሬን ሊወጣ ሲል መጋረጃውን ገለጥ አደረገና "የሚሠሩት እርስዎ ነዎት አይደል?" አላት።

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያውስ እርስዎ እንደሚያዩኝ አድርገው ይሥሩኝ" አለ። ሌላም ሊል ፈልጎ ነበር፤ እህቱ ጮኻ ጠራችውና ሄደ። እርሳስ ግን ደንበኛ ሁሉ "እባክሽ አሳምሪኝ" ስለሚላት ይሄንንም ከዚያው ቆጠረችው።

ነጌቲቩ ሲደርሳት አጉሊ መነጽሯን ሰክታ ጎንበስ አለች። አየችው፣ አየችው፣ የሚስተካከል ነገር አጣች። የሰው ልጅ ፊት እንዲህም ይሆናል! "ይሄ እንዲህ ሆኖ ከተላከማ አለቀልኝ" አለች ለራሷ። "ሱቅ ያላት ሴት ዓይን የላትም እንዴ?" እጇ ሄዶ ምላጩን አነሳ።

መጀመሪያ ግንባሩ ላይ አንድ መጨማደድ፤ አንድ ብቻ። ብቻውን ሲሆን አሳዘናትና ጓደኛ ጨመረችለት። ከዚያ ዓይኑ ሥር። ከዚያ ከአፍንጫው ወደ አፉ የሚወርዱ ሁለት ቦዮች። በእርሳሷ ደግሞ ፀጉሩን ሽበት አለበሰችው። አንዴ የያዛት እልህ አልለቃትም። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ላዩ ላይ ያለው ሰውዬ የፍሬን አባት ቢሆን ነው፤ ለዚያውም ከሕመሙ ያልተሻለው አባት።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ ከኋላዋ ቆማ አየችው።

"እማዬ! ጋሽ ፍሬን ምን ሆኖ ነው?"

"ምንም አልሆነም። መብራቱ ነው።"

"ምላጩን የያዘው መብራቱ ነው?"

እናትየው ምላጩን ሽርጧ ኪስ ከተተችው። ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አትሂድ ብለሽ አትነግሪውም? ቀላል ነገር እኮ ነው።"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ገና አንቺን…"

"እንዳትጨርሺው! እኔ አድጌ ጨርሻለሁ። የግድ የምታሳድጊው ነገር ካማረሽ ድመት እንግዛልሽ።"

ፍሬን ፎቶውን ሊወስድ ብቻውን መጣ። ፖስታውን ከፍቶ አየ። ወደ መስኮቱ ሄዶም አየ።

"ይሄ ነኝ?" አላት ቀስ ብሎ።

እዚህ ላይ "አይደሉም፣ አጥፍቼ ነው" ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን "ለምን አደረጉት?" ቢላትስ? መልሱን እንዴት ከአፏ ታወጣዋለች! "ፎቶ አይዋሽም" አለችው። ማን ይሄን ተናገረ! ዕድሜ ልኳን ፎቶን ውሸት ስታስተምር የኖረች ሴት!

"አመሰግናለሁ። ማወቅ ይሻላል" አለና ፖስታውን ደረት ኪሱ ከቶ ወጣ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አላላትም። ፍሬን ከዚያ ቀን ወዲህ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ሆነ። ልጅቷ "ዛሬ ጀማሪው ወደ ገደል ሲወስደን እንኳ ዝም ብሎ በመስኮት ያያል። ነፍሴን ያተረፍኩት እኔው ጮኼ ነው" እያለች ወሬ ታመጣለች። እርሳስ ግን "ይለፍ፤ ሴትየዋ አልፈልግም ካለች በኋላ ይረሳዋል" እያለች ራሷን ታጽናናለች።

ብዙም ሳይቆይ የፎቶ ቤቱ በር ብርግድ አለ። እህትየው!

"ትልቅ አድርጋችሁ እጠቡልኝ! ግድግዳ የሚሞላ! ሴትየዋ ወደደችው!"

እርሳስ የያዘችው የፎቶ ማጠቢያ ሳህን ውስጥ ያለው ውሃ በቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። "ወደደችው? ይሄን ፎቶ?"

"እኔም ሳየው ደሜ ፈልቶ ነበር። ወንድሜን ከመቃብር ያወጣችሁት አስመስላችሁ! እሷ ግን ምን አለች መሰለሽ? 'የሚላክልኝ ወንድ ሁሉ እንደተላጠ እንቁላል ነው፤ አሁን ገና እውነተኛ ፊት አየሁ' አለች። ቅዳሜ ይሄዳል።"

"እሱስ… እሱስ እሺ አለ?"

"እሱማ አልሄድም ብሎ አስቸግሮኝ አልነበር! 'አንዲት ሴት አለች፤ ፎቶው ሲወጣ እንዴት እንደምታየኝ አውቃለሁ' ሲለኝ ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ እኔ እንጃ። ፎቶውን የወሰደ ቀን እቤት ገብቶ 'እንደ ሽማግሌ ነው የምታየኝ፤ በቃ ወዳሻሽ ላኪኝ' አለ። ማን እንደሆነች ባወቅኩና አንገቷን ባነቅኳት!"

እርሳስ ሳታውቀው አንገቷን ያዘች። እርስዎ እንደሚያዩኝ! ለካ ሰውየው የመጣው ለሙሽራ ፎቶ አልነበረም። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይባላል፤ እሷ ግን አርቃ ምሳ፣ ሰውየውን ከታበት፣ ራሷም ተከትላ ገብታለች። ሳህኑን ለእህትየው አስታቅፋ፣ በሽርጧ እንደሆነች መንገዱን ተሻገረች።

በማስተማሪያው ሜዳ ላይ ባልዲዎች ተደርድረው መኪናዋ መሀላቸው እየተጥመለመለች ነው። መሪውን የያዘው ወፍራሙ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። እርሳስ ሄዳ ፊት ለፊት ተገተረች። ዳቦ ጋጋሪው ዓይኑን ጨፈነ። ፍሬን እንደ ምንም ረግጦ አቆማት፤ የዳቦ ጋጋሪው ሆድ ክላክሱ ላይ አርፎ ሰፈሩን አናጋው።

"ወይዘሮ እርሳስ! ሊሞቱ ነው?" አለ ፍሬን በመስኮት ብቅ ብሎ።

"ፎቶው ውሸት ነው!" አለች ከክላክሱ በላይ እየጮኸች። "መጨማደዱም ሽበቱም የኔ ሥራ ነው! በምላጭ ፍቄ አስረጀሁህ!"

ክላክሱ ዝም አለ። ዳቦ ጋጋሪው አንድ ዓይኑን ከፈተ።

ፍሬን ከመኪናው ወረደ። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። "መስታወቴን ወደ ግድግዳ ካዞርኩ ስንት ጊዜ ሆነኝ" አለ። "የፀጉር ቀለም ገዝቼ፣ ሻጩ 'ለማን ነው?' ሲለኝ ለአባቴ ነው አልኩት። አባቴ ከሞተ ቆይቷል! ምን በድዬዎት ነው እንዲህ የሚያደርጉኝ?"

"ምንም አልበደልክም" አለች። "እኔ ነኝ የበደልኩህ።"

"አሁን ቃል ሰጥቻለሁ። ሴትየዋ የቤቷን መጋረጃ ሳይቀር ለውጣ እየጠበቀችኝ ነው። ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?"

"አንተ አትላትም። ያበላሸሁት እኔ፣ የምነግራትም እኔ።"

ዳቦ ጋጋሪው "ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?" ብሎ እሱም ወረደ፤ ዱቄት ሊጠፋ ይችላል፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን አያመልጠውም።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስልክ አለ። ሽማግሌው፣ እህትየው አሁንም ሳህኗን እንዳቀፈች፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ በዚያው ሰዓት ከትምህርት ቤት የገባችው ልጅ፣ ሁሉም ተሰበሰቡ። እርሳስ የሠራችውን ለእህትየው አንገቷን ደፍታ ነገረቻትና የሴትየዋን ስልክ ቁጥር ለመነቻት። እህትየው ከድንጋጤዋ የተነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ ተናገረች። ስልክ አገናኟ መስመሩን ሰጠቻት።

"እመቤቴ" አለች እርሳስ፣ "የተላከልዎት ፎቶ ውሸት ነው። ሰውየው ሽበት የለውም። ግንባሩም ልስልስ ነው።"

"መልከ መልካም ነው ነው የምትይኝ?" ሴትየዋ ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ከስልኩ ውጭ ለሁሉም ይሰማል።

"በጣም።"

"ውይ!" አለች ሴትየዋ። "አልፈልግም! ሟቹ መልከ መልካም ነበር። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሱቅ ስጠብቅ መሰለሽ? እሱን ከሴት ስጠብቅ ነው! አሁን ደግሞ ሌላ ቆንጆ አምጥቼ በስተርጅና ዘበኛ ልሁን?" ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አላት። "ቆይ፣ አንቺ ግን ለምን አስረጀሽው?"

እርሳስ ዙሪያዋን አየች። ማንም ዓይኑን ከሷ ላይ አልነቀለም፤ ዳቦ ጋጋሪውማ ትንፋሹን ይዟል።

"እንዳይሄድብኝ" አለች።

"ነግረሽዋል?"

"አልነገርኩትም።"

"ታዲያ እኔ ምን አገባኝ! ለሱ ንገሪው እንጂ!" ስልኩ ጠረቀም ተደረገ።

እርሳስ እጀታውን ሰቀለችና ወደ ፍሬን ዞረች። "እወድሃለሁ" አለች። "ያኔም እወድህ ነበር፤ ፈርቼ ነው። እንደገና ጠይቀኝ አልልህም፤ አሁን ተራው የኔ ነው። ታገባኛለህ?"

ፍሬን ወለሉን ረገጠ፤ ደግሞ ረገጠ። ቅድም አንቃታለሁ ስትል የነበረችው እህቱ አላስቻላትም፤ "ምን ይዘጋሃል አንተ! እሺ በል እንጂ! ሸሚዝህን እስከ መቼ ነው የምተኩሰው!" ብላ አምባረቀች።

"እሺ ልል ነው" አለ ፍሬን። "ግን ያልተጠየቀ ሰው አለ።" ልጅቷ ፊት ሄዶ ቆመ። "የእናትሽን ሰማሁ። የአንቺን ሳልሰማ አልችልም። ምን ትያለሽ?"

ለነገር ሁሉ መልስ የማታጣው ልጅ የቦርሳዋን ማንገቻ እያፍተለተለች መሬት መሬት አየች።

"ትምህርት ቤት በር ላይ ስታወርደኝ" አለች፣ "ልጆቹ 'አባትሽ ነው?' ይሉኛል። አንደኛ ክፍል እያለሁ አዎ ብያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ማስተካከል አልቻልኩም።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "አሁን ውሸታም እንዳታደርጉኝ።"

ፍሬን እሺ አለ። እናትየው ግን አልሰማችውም፤ ልጇን አቅፋ እየተንሰቀሰቀች ነበርና ሁለት ጊዜ እንዲደግምላት ግድ ሆነ።