ተራምደውኝ ይሂዱ

ጋሼ መልከጼዴቅ አጎቴ ናቸው። አሥር ዓመቴ ላይ ወደ ካልጋሪ አምጥተው ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ፣ በቤታችን እሳቸውን እምቢ ማለት አይታወቅም። እኔ ግን ባለፈው ቅዳሜ እምቢ አልኩ፤ ደግሜም እላለሁ።

ሰባት ሆነን ተራራ ልንወጣ ከሰፈራችን ከቴምፕል ተነሳን። መኪና ከመግባታችን በፊት ስለ በረዶ ናዳ የወጣውን ማስጠንቀቂያ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ አደጋው ከአምስት ሦስት ነው።

"ከአምስት ሦስት? ታዲያ ፓስ አድርገናል እኮ!" አሉ ጋሼ። ሁሉም ሳቀ። እኔን አላሳቀኝም። ሰው በብዛት የሚያልቀው በዚሁ በሦስት ነው፤ አራትና አምስት ሲሆንማ ደፋሩም ቤቱ ይቀመጣል።

ሁለት ሰዓት በእግር ከተጓዝን በኋላ ዛፍ የሌለበት ቁልቁለት ጫፍ ላይ ደረስን። ልናየው የመጣነው ሐይቅ ከማዶ ነው። ነፋስ ያመጣው አዲስ በረዶ ተከምሯል። እግሬን ሳሳርፍ ከሥሬ "ዱም!" አለና በረዶው ከፊቴ ተሰነጠቀ። ስለ በረዶ ናዳ ኮርስ ስወስድ አስተማሪያችን፣ ይህን ከሰማችሁ ወዲያው ተመለሱ ብሎናል።

"ጋሼ፣ እንመለስ፤ ይሄ ይናዳል።"

"ደርሰን? ለአሥር ደቂቃ መንገድ? እሺ፣ እኔ ልቅደም።"

"ኖ፣ ብቻዎንማ አንለቅዎትም!" አለ አብሮን የመጣው ፋኑኤል፣ ክንዳቸውን ይዞ። ሌሎቹም ከኋላቸው ተጠጋጉ። ጨዋነታችን ሊጨርሰን ነው! በእንዲህ ያለ በረዶ ላይ ስድስት ሰው ተያይዞ ሊገባ!

ደሜ ፈላ። ሮጬ ቀደምኳቸውና መንገዱ ላይ በጀርባዬ ተዘረርኩ።

"ተነሺ አርያም! አታዋርጂኝ።"

"አልነሳም። ተራምደውኝ ይሂዱ።"

የተኛ ሰው ተራምዶ ማለፍ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ያውም የገዛ ልጅን። እግራቸውን አነሱ፣ መለሱት። እንደገና አነሱ። በረዶው በአንገቴ ገብቶ ጀርባዬን ያቃጥለኛል። ፈርቻለሁ፤ እሳቸውን ማጣት ነው የፈራሁት። በመጨረሻ ፊታቸውን አዞሩ። ሁላችንም ተከትለናቸው ወደ መኪናው ተመለስን።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ደወሉ።

"ሰዎች ትናንት እዚያው ሐይቅ ደርሰው ፎቶ ፖስት አድርገዋል። አልተናደም! ሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ ሰማሽ?"

"ሰማሁ። እንኳን አልተናደ።"

"ይቅርታ አትጠይቂም?"

"አልጠይቅም። ሌላ ቀንም እተኛለሁ። እርስዎ ግን ይቆጡኝ ጋሼ፣ እስኪበቃዎት ይቆጡኝ። ድምፅዎን እየሰማሁ ነው።"