ዲስኩ የታመመ ዕለት

«እጅሽን አንሺ ከዚያ ላይ!» አለ ጓድ ፍስሃ በሩ ላይ ቆሞ። «ከእንግዲህ ማንም አይነካውም። ይሄ አሻጥር ነው!»

የሺአረግ ወይ ፍንክች። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «መጀመሪያ ጫማዎን ያውልቁ» አለችው።

እዚያ ክፍል በጫማ አይገባም። ኮምፒዩተር የሚባለው ነገር አገር የገባ ሰሞን አቧራ ይገድለዋል ተብሎ፣ ሚኒስትርም ቢመጣ በካልሲ ነበር የሚገባው። ጓድ ፍስሃ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። የግራ ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል። ሰው ሊያሳስር ሲመጣ ካልሲውን አያይም እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሎ ሰፈር ከጋራዦቹ ጀርባ የጭነት መኪና ስምሪት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ነበር። የትኛው መኪና እህል እንደጫነ፣ የትኛው እንደተበላሸ፣ አሰብ ለመውረድ ተራው የማን እንደሆነ፣ ዱሮ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፍ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ጊዜ ሠለጠንን ተብሎ ሰሌዳው ወረደ፤ ሁሉም ነገር ተጠቃሎ ዲስክ በሚሉት ነገር ላይ ገባ። የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የሺአረግ ብቻ ናት። ያን ቀን ምሳዋን በልታ ተመልሳ ብታበራው፣ የስምሪቱ ፋይል አልከፈትም አለ። የሳምንቱ ቅጂ ፍሎፒ በምትባል ተነቃይ ዲስክ ላይ አለ፤ ግን ያለፈው ሳምንት ተራ ለዛሬ ምን ይሠራል? ተራ ከጠፋ ሾፌር ለሾፌር መበላላት ነው። ግቢው ውስጥ ኤንትሬ የሚባሉት መኪኖች ጭነታቸውን እንደተሸከሙ ተደርድረው ጡሩምባ ይነፋሉ።

ጓድ ፍስሃ የውይይት ክበቡ ሰብሳቢ ነው። ውጭ አገር ኮርስ ተልኮ ከተመለሰ ወዲህማ «በቴክኖሎጂ ረገድ» ሳይል ሻይ አያዝም። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው መጀመሪያ ይወሰዳል፤ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የሺአረግም ታውቃለች። ግን ዲስኩንም ታውቀዋለች።

«አልሞተም፣ ታሞ ነው» አለች። «መርምሬ አድነዋለሁ።»

«ያበላሸሽውን ራስሽ ልትመረምሪ?»

«ሌላ ሐኪም ካለዎት ያምጡ።»

ሌላ ከየት ይመጣል! ጓድ ፍስሃ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ኃላፊው ከስብሰባ እስኪመለሱ እዚሁ እጠብቅሻለሁ። አንዲት ነገር ብታጠፊ አያለሁ።»

የሺአረግ ባዶ ፍሎፒ ልታመጣ ወደ ኮሪደሩ ቁም ሣጥን ወጣች። ሻይ የምታዞረዋ ሰኪና ትሪዋን ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሰኪና ያላየችው ነገር አልተደረገም ማለት ነው።

«የሺዬ፣» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምሳ ሰዓት ላይ አንቺ ነሽ ተመልሰሽ የገባሽው?»

«እኔማ ቤቴ ነበርኩ። ምነው?»

«በሩ ላይ ጫማ አይቼ ነዋ። ጫማ መቼም ብቻውን ኮምፒዩተር ሊማር አይመጣ።»

«የማን ጫማ?»

«እኔ ምን አውቄ! ጥቁር ነው። ተረከዙ በአንድ ጎን ተበልቷል።» ሰኪና ቁልቁል፣ ጓድ ፍስሃ በሩ ላይ ወዳወለቀው ጫማ አየች። የሺአረግም አየች። ተረከዙ በአንድ ጎን ተበልቷል። «ወላሂ እኔ ስም አልጠራሁም» አለችና ሰኪና ትሪዋን ይዛ ሄደች።

የሺአረግ ፍሎፒዋን ይዛ ገብታ ሥራዋን ጀመረች። ጫማ ምን ይመሰክራል? ለጫማ ቃል ብሎ እሱን የሚከስ ማን አለ? መጀመሪያ ዲስኩ ይዳን።

ዲስክ ማለት እንደ ቀበሌ ነው አሉ። ውስጡ ቤት በቤት ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ቤቶች አሉት፤ የየትኛው ቤት ባለቤት ማን እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ማሽኑ እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ካለበት መዝገቡ ሌላ፣ ቤቱ ሌላ ይሆናል። የሚመረምረው ፕሮግራም ቤት ለቤት እየዞረ ያንኳኳል። ሞኝ ሠራተኛ ገና ሲጀምር «አስተካክል» ይለዋል፤ ያኔ አስተካክላለሁ ብሎ ደህናውንም ያበላሻል። የሺአረግ ግን አስቀድማ የሚነበበውን ሁሉ ፍሎፒ ላይ ገለበጠች። ቀጥላ መርማሪውን ፕሮግራም «እይ፣ ግን እንዳትነካ» ብላ ላከችው።

ማሽኑ እያጉረመረመ ቆየና መጻፍ ጀመረ። ባለቤት የሌላቸው ቤቶች አገኘ፤ አባት እንደሌለው ልጅ ሜዳ ላይ የቀሩ። ቀጥሎ የባሰው መጣ፤ አንዱን ቤት ሁለት ፋይሎች የእኔ ነው ይላሉ። አንድ ወንድ ላይ ሁለት ሴት «ባሌ ነው» ብለው ችሎት እንደ መቆም ነው።

የአንደኛው ፋይል ስም የስምሪቱ ነው። የሁለተኛውን ስም የሺአረግ አታውቀውም።

ጓድ ፍስሃ ግን ስሙ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ከወንበሩ ተነሳ። «ለምን ጠርገሽ እንደ አዲስ አትጀምሪም?» አለ።

«አንዲት ነገር እንዳታጠፊ ሲሉኝ አልነበር?»

«አይ፣ በቴክኖሎጂ ረገድ... ጊዜ ለመቆጠብ ያህል።»

«ጊዜ አለኝ።»

በመስኮቱ በኩል ሙነወር የተባለው ሾፌር አንገቱን አስገባ። «የሺ፣ እህሉ መኪናው ላይ ሊበቅል ነው! ተራው የኔ መሆኑን ነግሬሽ የለ?»

«የሱ አይደለም፣ ውሸታም ነው!» አለ ከኋላው ሌላ ድምፅ።

«ትንሽ ታገሱ። ተራችሁን ማሽኑ ራሱ ይነግራችኋል።»

የሺአረግ ለሁለቱ ባላንጣ ፋይሎች የሚጣሉበትን ቤት ለየብቻ ገልብጣ ሰጠች። እንዲህ ሲሆን ቤቱ በውነት የማን እንደነበር ሲከፍቱት ይታወቃል። የስምሪቱን ቅጂ ከፈተች፤ መኪኖቹ ከነተራቸው ቁጭ ብለዋል፤ ከመጨረሻው ጥቂት መስመር ብቻ እንቶ ፈንቶ ሆኗል። የማታውቀውን ስትከፍት ስክሪኑ ላይ መንገድ ተዘረጋ። ግራና ቀኝ ዛፍ፣ መሐል ላይ አንዲት ቀይ መኪና። ጨዋታ ነው!

ውጭ መኪና ተገትሮ፣ ውስጥ መኪና ሲነዳ!

የሺአረግ ቀስ ብላ ዞረች። ጓድ ፍስሃ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ ነው።

«ከውጭ ያመጡት ነው?» አለችው።

«ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲመጣ ሰማሁ...» አለ ጓድ ፍስሃ፣ ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። «መዝጊያውን አጣሁት። ሶኬቱን ነቀልኩት።»

«እየጻፈ ሳለ?»

«መጻፉን ምን አውቄ!»

የሺአረግ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የተጣሉትን ሁለቱን ፋይሎች ከቦታቸው አስነስታ ቤቱን አስለቀቀች። ያኔ ነው ማሽኑ «ላስተካክል?» ሲላት «አዎ» ያለችው። ደግማ ብታስመረምረው አንድም ጥል የለም። የስምሪቱን ቅጂ ቦታው አስገባች። የተበላሹትን መስመሮች ደግሞ ሾፌሮቹን መስኮት ላይ ሰብስባ እያንዳንዱ ሌላው በሰማበት እንዲናገር አደረገች፤ ሾፌር ስለ ራሱ ይዋሻል እንጂ ስለ ጓደኛው ተራ አይሳሳትም። ሙነወር ከሁሉ መጨረሻ ሆነ። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ኃላፊው አቶ ገብረእዝጊ ካልሲያቸውን እየጎተቱ የገቡት ይሄኔ ነው።

«አሻጥር አለ ተብዬ ስብሰባ ጥዬ መጣሁ። የታለ?»

«ተስተካክሏል ጌታዬ። መኪኖቹ ሊወጡ ነው።»

«እሰይ! እና ምን ሆኖ ነው? ማን ነው ያበላሸው?»

ጓድ ፍስሃ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። «አሻጥር» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ማስረጃው ፍሎፒው ላይ ተገልብጧል። ሰውን ማታ ከአልጋው የሚያስነሱት ያቺን ቃል ይዘው ነው። የሺአረግ ደግሞ ያቺ ቃል ከአፍ ስትወጣ ምን እንደምትመስል የዛን ዕለት በገዛ ጆሮዋ ሰምታታለች።

«ማሽኑ እየጻፈ ሳለ መብራት ተቋረጠበት» አለች።

«መብራት!» አሉ አቶ ገብረእዝጊ። «መብራት ከሆነማ ማንን እንከሳለን?» ሾፌሮቹን ሊሸኙ ወጡ።

በሩ ሲዘጋ ጓድ ፍስሃ ጠጋ አለ። «እህቴ፣ ያንን ነገር አጥፊልኝ። በእናትሽ።»

«ባጠፋው ነገ ሌላ ያመጣሉ።»

«አላመጣም!»

«ያመጣሉ። ሰው ሲያስነጥስ ከሰሙ ደግሞ ሶኬቱን ይነቅላሉ፤ እኔም አሻጥረኛ ነኝ።»

ውጭ የመጀመሪያዋ ኤንትሬ ሞተሯን አስነስታ መስኮቱን አንቀጠቀጠችው። የሺአረግ ጨዋታውን ከፈተችና ከወንበሯ ተነስታ ቦታውን ለቀቀችለት።

«ይቀመጡ» አለችው። «ትንሽ ይንዱና ሶኬት ሳይነቅሉ አወጣጡን አሳይዎታለሁ።»